የመጋቢት ማርያም እንጉዳይ

አልጸጸትም። ወሬው ደብረ ማርቆስን አዳርሶ ደብረ ኤልያስ ገበያ ድረስ መውረዱን ሰምቻለሁ። አንዱ «ማኅበርተኛውን መርዝ አበላ» ይላል፤ ሌላው «በሁዳዴ ዶሮ ጠበሰ» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ሚስቱ ጥላው የሄደችው ለዚሁ ነው» ይላል። ሚስቴ ጥላኝ አልሄደችም፤ አማኑኤል ከተማ ያለችው እህቷ ወልዳ አራስ ልትጠብቅ ነው የሄደችው። መርዝም አላበላሁም፤ ዶሮም አልጠበስኩም። የጠበስኩት እንጉዳይ ነው፤ በደረቅ ዳቦ ፍርፋሪ ለብጬ። ይኸው በአፌ ተናገርኩት፤ ነገም ቢሆን እጠብሳለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምርላችሁ። እኔ የአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የመዝገብ ቤት ሰው መኖሩ የሚታወቀው ፋይል ሲጠፋ ብቻ ነው። የዛሬ ዓመት ገደማ የእንጉዳይ አመራረት ሥልጠና አለ ተባለና ሰው ተፈለገ። መምህራኑ ፈተና ያርማሉ፤ ርእሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ጥበቃው በሩን ጥሎ አይሄድም። ከግቢው ውስጥ ሥራ ፈትቶ የተገኘው እኔ ሆንኩና ተላክሁ። ሦስት ቀን ሠለጠንኩ።

የጤፍ ጭድ ይከተከታል፣ ይቀቀላል፣ ይቀዘቅዛል። ከዘሩ ጋር ተደባልቆ በላስቲክ ከረጢት ይታጨቅና ጨለም ያለ እርጥብ ክፍል ውስጥ ይንጠለጠላል። ከሳምንታት በኋላ ከረጢቱ በተበሳበት በኩል ነጭ እንጉዳይ እንደ ጆሮ ተደራርቦ ብቅ ይላል። አሠልጣኟ ገና ወጣት ናት፤ ስትናገር ግን ምስክር የምታስምል ትመስላለች። «ፕሮቲን አለው፤ አሰር አለው፤ ቫይታሚን ቢ አለው፤ ፖታሲየም አለው፤ ስቡ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም» አለችን። እኔ ከዓመቱ ቀናት ከግማሽ በላዩን የምጾም ሰው ነኝ፤ ፕሮቲን ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። «ሜዳና ጫካ የበቀለውን ግን እንዳትነኩ፤ የሚገድል አለ» ብላም ደጋግማ አስጠንቅቃናለች። እኔም ሜዳ ላይ የበቀለ ነክቼ አላውቅም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትጠቅመኛለች።

የምስክር ወረቀቴንና ዘሬን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ዕቃ ቤታችንን ባዶ አደረግሁና ስምንት ከረጢት ጭድ አንጠለጠልኩ። ሚስቴ ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «ሰው ሠልጥኖ ሲመጣ ይለወጣል፤ አንተ ሠልጥነህ በግ ሆነህ መጣህ» አለችኝና ሄደች። እንጉዳዩ በቅሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በሽንኩርትና በቃሪያ ጠብሼ ሳቀርብላት ደግሞ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ፣ «መጥፎ አይደለም፤ ግን ጥርሴ ላይ ይንሸራተትብኛል» አለች። ይህ ንግግር ልቤን ነካው። ስምንት ከረጢት ሙሉ ምግብ አምርቶ ይንሸራተትብኛል መባል ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። አንዲት የባዕድ አገር ሴት እንጉዳይ ዱቄት ላይ ታንከባልላለች፣ የተመታ እንቁላል ውስጥ ትነክራለች፣ የዳቦ ፍርፋሪ ታለብሳለች፣ ከዚያ በዘይት ትጠብሳለች። ሲነከስ ኩርምርም ሲል በስልኩ ውስጥ ይሰማል። ጥርስ ላይ መንሸራተት የሚባል ነገር የለም። ችግሩ እንቁላሉ ነው፤ በጾም እንቁላል የለም። እዚህ ላይ ግን የአገሬ ዕውቀት ደረሰልኝ። ተልባ ተወቅጦ በውሃ ሲበጠበጥ እንደ እንቁላል ነጭ ይጎተት የለም? በእንቁላል ፋንታ ተልባ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ነኝ ያገኘሁት። የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

አሁን ወደ ማኅበሩ ልውሰዳችሁ። የማርያም ማኅበር አለን፤ ወር በገባ በሃያ አንድ እየተሰበሰብን በየተራ ቤታችን የምንበላበትና የምንጠጣበት። አባላቱ አሥራ ሁለት ነን፤ ለእያንዳንዳችን አንድ ወር አለን። የእኔ መጋቢት ነው። መጋቢት ሃያ አንድ ደግሞ መቼም ቢሆን ከሁዳዴ አያመልጥም። ፍስክ ወር የደረሰው ሰው በግ ያርዳል፣ ዶሮ ያርዳል፣ ቅቤ ያነጥራል፤ የመጋቢቱ ሰው ሽሮና ምስር አቅርቦ «ጾም ነው፤ ምን ይደረግ» ይላል። ወሩን ያወረሰኝ አባቴ ነው። ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። መሬቱን ወንድሞቼና እኅቶቼ ተካፍለነዋል፤ ቤቱ ተሸጧል፤ ካባቴ ሙሉውን ሳይከፋፈል እጄ የገባው ያ የማኅበር ወንበር ብቻ ነው። እሱን ካጣሁ ካባቴ ምንም አልቀረኝም ማለት ነው።

የማኅበሩ አለቃ «ሙሴ» ነው የሚባለው። የኛ ሙሴ አያ ዓለምነው ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ፍርድ ቤት ችሎት ሲያስከብሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ እስከ ዛሬም ክፍል ውስጥ ሲገቡ ሰው ሳይታዘዝ ይነሣል። ከአባቴ ጋር ባልንጀሮች ነበሩ። እኔን ግን ገና ሰው ነው ብለው አልተቀበሉኝም፤ ስሜንም ጠርተውት አያውቁም፤ «የእሱ ልጅ» ነው የሚሉኝ።

ጥሩወርቅ አማኑኤል ከመሄዷ በፊት ሁሉን ነገር አሰናድታ ነው የሄደችው። ጠላው ተጠምቋል። ጎረቤታችን ብርቄ ድፎውን ጋግራ ሽሮውንና ምስሩን ልትሠራ ተስማምታለች። «አንተ ወንበር ደርድር፤ ሌላ ነገር እንዳትነካ» አለችኝ ጥሩወርቅ። ሌላ ነገር እንዳትነካ የተባለ ሰው ምን እንደሚያደርግ መቼም ታውቃላችሁ። መኪናዋ ከመነኻሪያ ሳትወጣ ብርቄ ጋ ሄድኩና፣

«ብርቄ፣ ድፎውን ብቻ ጋግሪልኝ። ወጡን ለኔ ተዪው» አልኳት።

«ላንተ?» አለች ከላይ እስከ ታች እያየችኝ። «ምን ልትሠራ ነው?»

«ስትመጪ ታዪዋለሽ።»

«ጥሩወርቅ ታውቃለች?»

«የማኅበሩ አባል እኔ ነኝ ጥሩወርቅ ናት?» አልኳት። ብርቄ ነጠላዋን አስተካክላ «እንግዲያስ ለድስቱም አልደርስ» አለች። ተቀየመችኝ። ሰው ሲቀየመኝ ይበልጥ እልኸኛ የመሆን አመል አለብኝ፤ ካባቴ አልወረስኩትም፤ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

የማርያም ዕለት ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ማጀት ገባሁ። እንጉዳዩን ለቀምኩ፤ ሁለት ትልልቅ ሰፌድ ሞላ። አሠልጣኟ «በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ ይጠጣል» ብላን ነበር። እኔ ግን ለቄስ የሚቀርብ ምግብ በጨርቅ ተጠርጎ አይቀርብም ብዬ ሁለት ጊዜ በባልዲ ውሃ አጠብኩት። እንጉዳይ ውሃ መጠጣት እንደ በቅሎ ነው፤ በቃኝ አያውቅም። ከዚያ ዱቄቱ ላይ ሳንከባልለው ዱቄቱ ሊጥ ሆነ። ተልባው ውስጥ ስነክረው ሊጡ ታጥቦ ወረደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ሁሉንም መልሼ በንጹሕ ፎጣ አንድ በአንድ እየጨመቅሁ አደረቅሁ፤ የጥሩወርቅ የበዓል ፎጣ ነበር፤ እሱን ሌላ ቀን እንጨቃጨቅበታለን።

ቀጥሎ ፍርፋሪው። ዳቦ ቤት ስሄድ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ መደርደሪያው ባዶ። ሁለተኛው ዳቦ ቤትም ባዶ። ሦስተኛው ጋ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሷል፤ ሰውም የሚጠብቀው ዳቦ ሳይሆን መብራቱን ነው። ባዶ እጄን ተመልሼ ቤቱን መፈተሽ ጀመርኩ። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከብርድ ልብሱ ኋላ፣ በነጭ ጨርቅ ከረጢት የታሰረ ነገር አገኘሁ። ስፈታው ዳቦ ነው። ድንጋይ የመሰለ ደረቅ ዳቦ፣ ቁራሽ በቁራሽ፣ አንዳንዱ ነጭ፣ አንዳንዱ ጠቆር ያለ። ጥሩዬ ለዶሮዎቿ ያጠራቀመችው ነው አልኩ። ይህን የመሰለ ደረቅ ዳቦ ባዘጋጅ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። ሙቀጫ ውስጥ ከትቼ ወቀጥኩት፤ ነፋሁት፤ የጥቁር አዝሙድ ሽታው ቤቱን ሞላው። እግዜር ለሚሞክር ሰው መንገድ ይከፍታል ብዬ ደስ አለኝ።

መጥበሱም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የመጀመሪያዎቹን ዘይቱ ሳይግል ከተትኳቸው፤ ዘይቱን መጥጠው እንደ እርጥብ ካልሲ ሆነው ወጡ። «ስቡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም» ያለችኝ ልጅ ያን ጊዜ ብታየኝ የምስክር ወረቀቴን ትቀማኝ ነበር። እነሱን ደብቄ እንደገና ጀመርኩ። ምሥጢሩን ልንገራችሁ፤ ከደበቅሁት ኃጢአት ይሆንብኛል። ዘይቱ ውስጥ ትንሽ ፍርፋሪ ጣል አድርጉ፤ ወዲያው ከተንጫጫ ግሏል፤ ዝም ካለ እናንተም ዝም በሉ። መጥበሻውን አታጨናንቁት፤ አምስት አምስት ይበቃል። መጀመሪያ የሽንብራ ዱቄት፣ ቀጥሎ ተልባ፣ ቀጥሎ ፍርፋሪ፤ ከዚያ በእጅ ጫን ጫን አድርጎ ትንሽ ማሳረፍ። ወርቃማ ሲሆን አውጥቶ ወንፊት ላይ ዘይቱን ማንጠፍጠፍ። እንዲህ ከሆነ የሚይዘው ዘይት ጥቂት ነው። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ነው፤ ያልሞከረው ሰው ይህን አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ማድረግ አልቻልኩም። መቅመስ። ገና ስድስት ሰዓት ነው፤ በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አፌ አይገባም። ጨው መጨመር ረስቼ ይሆን እያልኩ ለእንጉዳዩ አንድ ጊዜ፣ ለተልባው አንድ ጊዜ፣ ለፍርፋሪው አንድ ጊዜ ጨው አደረግሁ። ቀምሶ የማያውቀውን ምግብ ለአሥራ ሁለት ሰው የሚያቀርብ ወጥ ሠሪ ከኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ብርቄ ድፎውን በቅጠሉ እንደተጠቀለለ ተሸክማ ገባች። ሳሕኑ ላይ የተከመረውን ወርቃማ ነገር አየች። ድፎውን አስቀመጠች። አሸተተች። ፊቷን አማተበችና አንድ ቃል ሳትናገር ወጣች። ከመቀየሟ ይልቅ ዝምታዋ አስፈራኝ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ አያ ዓለምነው ከዘራቸውን እየመቱ ግቢ ገቡ። ማኅበሩ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። ሰላምታም የለ፤ በቀጥታ ማጀት ገቡ። አያ ዓለምነው ማጀት ሲገቡ አይቼ አላውቅም፤ የራሳቸውንም ማጀት የሚያውቁት አይመስለኝም።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ምግብ ነው፣ አያ።»

«ብርቄ የዶሮ ጥብስ ነው አለችኝ። በሁዳዴ። በማርያም ዕለት። በአባትህ ወር።»

«ዶሮ አይደለም።»

«እንግዲያው አጥንቱን አሳየኝ።»

ዶሮ አይደለም ያልኩትን ነገር አጥንቱን ከየት አምጥቼ ላሳያቸው? «አጥንት የለውም» አልኳቸው። «አጥንት የሌለው ዶሮ ይሸጣል አሉ ከተማ ውስጥ» አሉ። ከዚያ ዓሣ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ላይ ራሳቸው ከራሳቸው ጋር ጥቂት ተከራከሩ። እኔ ነገሩን ልቋጭ ብዬ ያልተጠበሰውን እንጉዳይ ከሰፌዱ አንሥቼ መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው ይህ ነው።

«የጅብ ጥላ!» አሉ አያ ዓለምነው፤ የሜዳውን መርዘኛ እንጉዳይ ማለታቸው ነው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከጾም ገዳፊነት ወደ ነፍሰ ገዳይነት ተዛወርኩ።

«አያ፣ ይህ ሜዳ ላይ የበቀለው አይደለም። ቤቴ ውስጥ ያመረትኩት ነው። የሚበላ ነው። ፕሮቲን አለው» ብዬ ዕቃ ቤቱን ከፍቼ የተንጠለጠሉትን ከረጢቶች አሳየኋቸው። ጨለማው ውስጥ ስምንት ነጭ ነገር ተንጠልጥሎ ሲያዩ ይባስ ፊታቸው ተለወጠ። የምስክር ወረቀቴንም ከግድግዳው አውርጄ አቀረብኩ። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ማኅተሙን መረመሩት፤ «ማኅተሙ ደብዝዟል» ብለው መለሱልኝ።

ከዚያ እንደ ድሮው ችሎት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማ። ሽሮ ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ብርቄን እኔ ራሴ ለምኜ አመጣታለሁ። ይህን ከቤት አውጣው፤ እኔም እንዳላየሁ እሆናለሁ። የለም ካልክ ግን፣ ሰው ፊት ይህን የጅብ ጥላ ካቀረብክ፣ ከማኅበሩ ትወጣለህ። ወሩንም ለሌላ እንሰጣለን።»

እዚህ ላይ ጅልነቴን አልክድም። መንገዱ ተከፍቶልኝ ነበር። ብልህ ሰው «እሺ አያ» ብሎ ወንበሩን ያተርፋል። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ያጠብኩት፣ የጨመቅሁት፣ የወቀጥኩት፣ የጠበስኩት ሁሉ ፊቴ ተደቀነ፤ ጣቴ ላይ ያቃጠለኝ ዘይት ገና ይለበልበኛል። ሳይቀምሱት የጅብ ጥላ ሲባል ሰምቼ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ሽሮ ዛሬ እዚህ ቤት አይገባም» አልኳቸው።

አያ ዓለምነው አልተቆጡም። ይህ ነው የከፋው። ጥቂት አዩኝና «አባትህ እንዲህ አልነበረም» ብለው ወጡ።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ማኅበርተኛው ቅዳሴ አስቀድሶ መጣ። መምሬ ይትባረክ፣ የነፍስ አባታችን፣ ከፊት ሆነው ገቡ። ጸሎት ተደረገ፤ ድፎው ተባረከ፤ ተቆረሰ፤ ጠላው ተቀዳ። እስከዚህ ድረስ እንከን የለውም። ከዚያ ሁለቱን ትልልቅ ሳሕን ተሸክሜ ገባሁ። ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ኖሯል። ከአሥራ አንዱ ማኅበርተኛ አንድም እጁን የዘረጋ የለም፤ ሁሉም ቁራሽ ድፎውን እንደ ሕጻን አቅፎ ሳሕኑን ያየዋል።

«ብሉ እንጂ» አልኩ።

«ጠገብን» አለ አንዱ። ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው ነው ጠገብኩ የሚለኝ።

«ምንም አይልም። እኔ ፊታችሁ እበላለሁ» አልኩና አንዱን አንሥቼ ነከስኩ። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመስኩት። ኩርምርም አለ። ከውስጥ ለስላሳ፣ ሙቅ፣ የጥቁር አዝሙዱ ሽታ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ምን ልበላችሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንባው ግማሹ ከደስታ ነው፤ ግማሹ ከጨው ነው። ጨውማ ሦስት ጊዜ ገብቶበታል። ፊቴን ሳልቀይር ዋጥኩት። ሁለተኛ በላሁ። ሦስተኛ በላሁ። እነሱ የሚያዩት ሳሕኑን ሳይሆን እኔን ነው፤ መቼ እንደምወድቅ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ከጥግ የተቀመጠ ሰው «መርዙ የሚሠራው እኮ ቆይቶ ነው» ብሎ ሹክ ሲል ሰማሁት። አያ ዓለምነው ከዘራቸውን ይዘዋል። ወንበሬ ከሥሬ እየተሳበ መሆኑን አወቅሁ፤ ግን ስምንተኛውን አነሣሁ።

ስልኬ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ጥሩወርቅ ናት። የጥሩወርቅ ድምፅ በስልክ ውስጥም ሆኖ ግቢ ይሞላል።

«ማኅበሩ እንዴት ነው? ሰው በላልህ?»

«እየበላ ነው» አልኳት፤ እየበላሁ ስለነበር ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም።

«ተመስገን። ስማኝማ፣ ነገ ወደዚህ የሚመጣ ሰው አታጣም። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከብርድ ልብሱ ኋላ፣ ነጭ ከረጢት አለ። ከማኅበር በየወሩ የምታመጣልኝን በረከት እዚያ ነው የማኖረው። እህቴ ምጡ ጎድቷታል፤ ከሱ ቁራሽ ላክልኝ።»

አንባቢዎቼ፣ በየወሩ ከማኅበር ሲመለሱ ከተባረከው ዳቦ ቁራሽ ለቤተ ሰብ ይዞ መሄድ ወግ ነው። እኔም አመጣላት ነበር፤ እሷም ትበላዋለች ብዬ አስቤ አላውቅም፣ አልበላችውም ብዬም አስቤ አላውቅም፤ የማያስብ ሰው ነበርኩ። ለካ እሷ ለክፉ ቀን ታስቀምጠዋለች። ያም ዳቦ የዚያው የተሰበሰበው ሰው ዳቦ ነው። የጥቅምቱ የእገሌ ቤት ነው፤ የኅዳሩ የእገሌ ነው፤ የጥር ወሩ የራሳቸው የአያ ዓለምነው ነው። እኔ ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ ወቅጬዋለሁ።

ሁሉም ሰምተዋታል። «የለም፣ አልቋል» ብዬ መዝጋት እችል ነበር። ግን ከጠዋት ጀምሮ የተነሣብኝ እልኽ እዚህም ላይ አልተወኝም።

«ወቅጬዋለሁ» አልኳት።

«ምን አልክ?»

«እንጉዳዩ ላይ ነው ያለው። ሰው ፊት ቀርቧል።»

ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርክ ይሁን እሷ ትሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

አያ ዓለምነው ተነሡ። «ሰማችሁ? በረከቱን በጅብ ጥላ ላይ ነስንሶታል። የኔንም ቤት ዳቦ። ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል?» ማኅበርተኛው ማጉረምረም ጀመረ። ያን ጊዜ አበቃልኝ አልኩ።

መምሬ ይትባረክ ግን ከሳሕኑ ላይ አንዱን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቡት። አገላብጠው አዩት፤ አሸተቱት። «ይህን ማን ባረከው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት፣ አባ» አልኩ።

«አዎ። በየወሩ በዚህች እጄ። እንግዲህ የተባረከ ዳቦ መሬት አይወድቅም፤ ለውሻም አይጣልም። ምን ይደረግ ትላላችሁ?»

አንዱ ማኅበርተኛ ብልኃት አመጣ። ፍርፋሪውን እየፋቅን እሱን ብቻ እንብላ፤ ሥሩን ግን እንቅበረው አለ። ሁሉም አንድ አንድ አንሥቶ በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ። አንዱ ቢላዋ ለመነኝ፤ ሰጠሁት። ክብራቸውን የጠበቁ አሥር ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠው እንጉዳይ ሲቧጥጡ ማየት ራሱ ዓመት የሚያጠግብ ነው። አልለቅ አላቸው። ተልባዬ እንደ ሲሚንቶ ይዞታል። በስልኬ ያየኋት ሴት እንቁላሏን ይዛ ትምጣና እንወዳደር።

መምሬ ይትባረክ ይህን ጥቂት ተመለከቱና በስመ ሥላሴ ብለው አማትበው ነከሱት። አላመጡ። ክፍሉ ሁሉ አብሮ የሚያላምጥ ይመስል ነበር። ዋጡ።

«ጨው በዝቶበታል» አሉና ሁለተኛውን አነሡ።

ቄስ ከበላ፣ በረከትም ከሆነ፣ እምቢ የሚል ማን አለ? እጆች ተዘረጉ። መጀመሪያ በጥርሳቸው ጫፍ፣ ኋላ በመንጋጋቸው በሉ። «ዶሮ ላለመሆኑ ግን እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የጠየቀኝ ያው መርዙ ቆይቶ ነው ያለው ሰውዬ ነው፤ አፉ ሞልቶ ነበር። ጨውም ውለታ ዋለልኝ፤ ጠላው እንደዚያ ቀን ተጠጥቶ አያውቅም። ሁለቱ ሳሕን ባዶ ሆነ። መምሬ ደግሞ ከዕለቱ ድፎ ትልቅ ቁራሽ ቆርሰው፣ ጸሎት አድርሰውበት፣ ለአራሷ ላክ ብለው ሰጡኝ። «ትኩስ በረከት ከደረቅ አይተናነስም» አሉ፤ ጥሩወርቅ ይህን እስክትቀበል ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

አያ ዓለምነው አንድ ብቻ በሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው። ጥሩ ነው አላሉም፤ እስከ ዛሬም አላሉም። ስንቱን አሸንፌ እሳቸውን አላሸነፍኩም። ሰው ሊነሣ ሲል ግን እጃቸውን አነሡና ሁሉም ተቀመጠ።

«ዛሬ ማርያም አወጣችህ» አሉኝ። «ከማኅበር አናስወጣህም። ግን መጋቢት በመጣ ቁጥር እንዲህ ልንጨነቅ አንችልም። ወሩን እንለውጥልህ። ግንቦትን ውሰድ። ግንቦት ፍስክ ነው፤ በግህን አርደህ እንደ ሰው ታበላናለህ።» ከዘራቸውን ግድግዳ አስደገፉና ቀጠሉ። «አባትህ መጋቢትን የያዘው እኮ ጾም ወዶ አይደለም። ወር ስንካፈል በግ ማረጃ አልነበረውም፤ ያን ነገር ሳይናገር መጋቢትን ስጡኝ አለ። እኛም እንዳላወቅን ሆንን። አንተ ደመወዝተኛ ነህ፤ የድሃ ወር ምን ያደርግልሃል?»

ለደግ ብለው ነው የተናገሩት፤ ይህን አውቃለሁ። እኔ ግን ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። በየመጋቢቱ አባቴ ሽሮውን ይዞ ሲገባ፣ ፈገግ ብሎ «ጾም ነው፤ ምን ይደረግ» ሲል፣ ያ ሁሉ ዓመት ምን ይዞ እንደሚናገር አላውቅም ነበር። የተናደድኩት በማን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ተናደድኩ።

«መጋቢትን አልለቅም» አልኩ። «በግ የሚያርድ ይረድ። አባቴ ያለውን አቅርቦ አብልቷችኋል። እኔም ያለኝን አቀርባለሁ። ያለኝ እንጉዳይ ነው። ዓመትም እንጉዳይ ነው። የማትፈልጉ ከሆነ አሁኑኑ አስወጡኝ፤ ወሩን ግን አትለውጡብኝም።»

አያ ዓለምነው ከካፖርታቸው ኪስ የማኅበሩን ደብተር አወጡ። ገለጡት፤ መነጽራቸውን አደረጉ። «መጋቢት» የሚለውን ገጽ አዙረው አሳዩኝ። የተጻፈው የአባቴ ስም ነው። አራት ዓመት ሙሉ እኔ መስሎኝ የተቀመጥኩት በሱ ስም ነው።

«ልሰርዘው ብዬ ስንት ጊዜ አወጣሁት፤ እጄ እምቢ አለኝ» አሉ ቀስ ብለው። እስክሪብቷቸውን ሰጡኝ። «እሱን አትንካው። ከሥሩ ያንተን ጻፍ።»

ስሜን ጻፍኩ። እጄ ከዘይቱ አልጸዳም ኖሯል፤ ከስሜ ጎን የአውራ ጣቴ ቅባት ወረቀቱ ላይ ታተመ። አያ ዓለምነው በነጠላቸው ጫፍ ሊጠርጉት ሞከሩ፤ ይባስ ተስፋፋ። ደብተሩን ወደ ብርሃኑ አቅርበው አዩትና «እንዳለ ይቁም» ብለው ዘጉት።